አዛውንት ታመው ገብተው ድነው ሲወጡ እግራቸው የት ቀረ? ከጅማ የተከፈተ ክርና መልሶቹ

ክሩን፣ ማለትም ሰዎች በየተራ መልስ የሚጽፉበትን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈተችው ጅማ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምትከታተል ነርስ ናት። ያነሳችው ነገር በየሰፈሩ የሚታይ ነው። የ78 ዓመት አባት የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ይገባሉ፤ 10 ቀን ይተኛሉ፤ አንቲባዮቲኩ ይሠራል፣ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ይጀምራሉ። ከዚያ በሰላም ይሰናበታሉ። ሲገቡ ግን ከዘራቸውን ይዘው በእግራቸው ነበር፤ ሲወጡ ሁለት ሰው ብብታቸውን ይዞ ባጃጅ ላይ ያወጣቸዋል። ቤት ሲደርሱ ይረፉ ስለተባለ ይተኛሉ፤ ከወር በኋላ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። ጥያቄዋ ሁለት ነው፦ ይህ ከበሽታው የመጣ ነው ወይስ ከመተኛቱ? ለፊዚዮቴራፒ መመላለስ የማይችል ቤተሰብስ እቤቱ ምን ማድረግ ይችላል?

መልስ 1 የሰጠው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። በሽታው ድርሻ ቢኖረውም ትልቁን ጥፋት ያደረሰው መተኛቱ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ጠቀሰ፦ ምንም ሕመም የሌለባቸው አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ ገደማ ጡንቻ አጡ። እነዚያ ጤነኞች ነበሩ፤ ምግባቸውም ተለክቶ ይቀርብላቸው ነበር። ትኩሳት ያለበትና የምግብ ፍላጎቱ የተዘጋ ሰው በእነዚያው 10 ቀናት ከዚያ በላይ እንደሚያጣ አስረዳ። መጠባበቂያው ጉልበት አስቀድሞ ትንሽ ከሆነ፣ ያቺ 1 ኪሎ ከወንበር በመነሳትና ባለመነሳት መካከል ያለችው ልዩነት ናት።

መልስ 2 ምርቃት ብቻ ነው፤ ታመው ለተኙት ሁሉ አላህ ያሽራቸው ይላል።

መልስ 3 የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት፤ በትሕትና ጀምራ ጠበቅ አድርጋ ጨረሰች። ያረጀ ሁሉ አቅመ ደካማ አይደለም፤ ዕድሜ ብቻውን መለኪያ አይሆንም አለች። የምትጠቀምበት መስፈርት አምስት ምልክት አለው፦ ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፣ ቶሎ መድከም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ አረማመድ መዘግየትና እንቅስቃሴ ማነስ። ሦስቱና ከዚያ በላይ ከተገኙ ሰውየው አቅመ ደካማ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ አፋፉ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ለሚለካ ደግሞ ሁለት ነገር ሰጠች። አንደኛ፣ መሬት ላይ 4 ሜትር ለክቶ በተለመደ አረማመዳቸው እንዲሄዱ ማድረግ፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ከወሰደ አረማመዳቸው ዘግይቷል። ሁለተኛ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ የባታቸውን ወፍራም ቦታ መለካት፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጡንቻቸው አልቋል ብሎ መጠርጠር።

መልስ 4 የ4 ሜትር ኮሪደር ያለው ቤት ስንቱ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ትክክል ነው። መልስ 5 ከበረንዳው እስከ ግቢው በር መለካት እንደሚቻል፣ ዝናብ በዘነበ ቀን ግን ጭቃ ላይ የተለካ ሰከንድ ዋጋ እንደሌለው ተናገረ። ከመልስ 3 የጎደለ ነገርም ጨመረ፦ በከዘራ የሚሄዱ ከሆነ በከዘራቸው ይለካሉ፣ ግን በከዘራ መሆኑ አብሮ ይጻፋል፤ አለዚያ የዛሬው ልኬትና የዛሬ ወሩ ልኬት አይወዳደሩም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋ ደንብ ነበር። መልስ 6 መጣና ነገሩ ተካረረ። የ80 ዓመት ሰው፣ ያውም ልብ ሕመምተኛ፣ ተነስ ተቀመጥ እያሉ ማድከም ማሰቃየት ነው፤ ሽማግሌ ማረፍ አለበት፤ እናንተ የፈረንጅ ወረቀት አንብባችሁ በአባቶቻችን ላይ ትሞክራላችሁ የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ቁጣው ከፍቅር የመጣ መሆኑ ይታወቃል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያስበውም ይህንኑ ነው።

መልስ 7 በስሜት ነው የተነሳው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነውን፣ በልብ ድካም ሆስፒታል ገብተው በነበሩ 349 አረጋውያን ላይ የተደረገውን ጥናት አንስቶ፣ ሚዛን፣ ጉልበት፣ ቅልጥፍናና ጽናት ላይ ያተኮረ ልምምድ እዚያው ሆስፒታል ተጀምሮ ለ12 ሳምንት ሲቀጥል ታካሚዎቹ ጠነከሩ፣ ተመልሶ መተኛትም ቀነሰ አለ። መልስ 8 እሷው ሐኪሟ ናት፤ ግማሹን አጸደቀች፣ ግማሹን አረመች። የአካል ብቃት ነጥባቸው ከ12፣ ልምምድ በሠሩት 8.3 ገደማ ሲደርስ ባልሠሩት 6.9 ገደማ ነበር፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ተመልሶ መተኛቱ ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። እግር ይመልሳል ማለት እንችላለን፤ ከሆስፒታል ያስቀራል ብለን ለቤተሰብ ቃል መግባት ግን አንችልም አለች። መልስ 9 ላይ ሰባተኛው ሰው ስህተቱን ተቀበለ። ክሩን እንድታመን ያደረገኝ ይህ እርማት ነው፤ ለአዛውንቱ የሚጠቅመው የተጋነነ ተስፋ አይደለምና። ስድስተኛው ሰው አልተመለሰም።

መልስ 10 ከሁሉ ረጅሙና ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ተመልሶ መጥቶ ከወንበር መነሳትን ደረጃ በደረጃ አስረዳ፤ አጀማመሩ ግን ከጅማ በርጩማ ነው። በርጩማችን ውብ ነው፤ ለአቅመ ደካማ ግን ዝቅ ያለ ነው። መቀመጫው ከጉልበት በታች በወረደ ቁጥር ለመነሳት ጉልበትና ዳሌ የሚጠየቁት ኃይል ይጨምራል፤ ስለዚህ ከበርጩማ መነሳት ያቃታቸው ሰው ከፍ ካለ ወንበር ሊነሱ ይችላሉ። ሦስት እግር ስላለውም ወደ ጎን ሲደገፉበት ይገለበጣል። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽም ያው ነው። መጀመሪያ ከፍታውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ልምምዱን ጀምሩ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለ አራት እግር፣ መደገፊያና እጅ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ጀርባው ግድግዳ አስደግፎ ይቀመጣል፤ ከፍ እንዲል መቀመጫው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። አዛውንቱ ወደ መቀመጫው ጠርዝ ይጠጋሉ። ሁለቱ እግሮቻቸው በትከሻ ስፋት ተከፍተው ወደ ኋላ ይሳባሉ፤ ተረከዙ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ መሆን አለበት። ብዙ ቤተሰብ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ማንም ሰው አይነሳም። ከዚያ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪደርስ ጎንበስ ይላሉ፣ የእጅ ማሳረፊያውን ወደ ታች ይገፋሉ፣ ይነሳሉ። ቀጥ ብለው ሁለት ትንፋሽ ይቆማሉ። ሲቀመጡ የእግራቸው ጀርባ ወንበሩን እስኪነካ ወደ ኋላ ይመጡና በቀስታ ይወርዳሉ፤ ዘጭ ብሎ መውደቅ የለም፤ ጡንቻው እየወረደም ይሠራልና። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና 5 ጊዜ፤ ይህ በቀን ሦስት ጊዜ። ለሰጋጅ ቤተሰብ ከሶላት ሰዓት ጋር ማያያዝ እንደሚቀል ጠቆመ፤ ሰዓቱን የሚያስታውስ ሌላ ሰው አያስፈልግምና። አሥሩ ሲቀላቸው አንድ እጅ ብቻ፣ ከዚያ ያለ እጅ፣ ከዚያ መቀመጫው ላይ የተነጠፈውን ብርድ ልብስ አንድ አንድ እጥፋት እየቀነሱ መሄድ። መናገር እስኪያቅት የሚያስተነፍስ ከሆነ፣ ደረት ከያዘ፣ ዓይን ከጨለመ ይቆማል።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት መደረግ ያለበትንም አልረሳም። 5 ደቂቃ አጋድሞ ደም ግፊት መለካት፣ አቁሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መድገም። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መውደቅ ቅርብ ነው። ውኃ፣ መድኃኒትና አነሳስ መታየት አለባቸው፤ ልምምዱ እዚያው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግር በመዘርጋትና በማጠፍ ይጀመራል።

መልስ 11 የእንጨት ባለሙያ ነው። በርጩማው ስለተነካ ሊከራከር የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ይዞ የመጣው ግን ሥራ ነው። በጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ ቁጢጥ ማለት ለማይችሉ ሰዎች መቀመጫው ላይ ቀዳዳ ያለው ወንበር እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ። መቀመጫው ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ቀዳዳው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ልስልስ ብሎ ቫርኒሽ የተቀባ። ያልተቀባ እንጨት ሽንት ይመጥጣል፣ ይሸታል፣ ቶሎ ይበሰብሳል። ሰው ሲነሳ የእጅ ማሳረፊያውን ወደ ፊት ስለሚገፋ የፊት እግሮቹ ከመቀመጫው ወደ ፊት ፈንጠር ማለት አለባቸው፤ ቀጥ ብለው ከወረዱ ወንበሩ አዛውንቱን ይዞ ወደ ፊት ይደፋል። ወለሉ አፈር ከሆነ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለቱን እግር በአንድ ጣውላ ማያያዝ፤ አለዚያ ጅማ ዝናቧን ስትጀምር አንዱ እግር ይሰምጣል። መጋጠሚያው በሚስማር ብቻ ሳይሆን በቡለን ይሁን አለ። ከመረከባችሁ በፊት ከአዛውንቱ የሚከብድ ሰው ተቀምጦ ይነሳበት።

መልስ 12 ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ መሆኑን አስታወሰች። ሌሊት፣ ጭቃ፣ መብራት የለም። ወንበሩ ሌሊት ከሥሩ ባልዲ ተደርጎበት አልጋው አጠገብ ይደር፤ መንገዱ ላይ ጠጠር ይደፋ፤ ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን። ሌሊት አራት ጊዜ የሚያስነሳቸውስ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ ክሩ ወደ መድኃኒት ዞረ።

መልስ 13 የፋርማሲ ባለሙያ ነው፤ ዘለግ አድርጎ ጻፈ። ፉሮሴማይድ ማታ የሚውጡ አሉ፤ የሚያሸና መድኃኒት ስለሆነ ሐኪም የተለየ ምክንያት ከሌለው ጠዋት ይወሰዳል። የሚያረጋጋውና የሚያስተኛው ዳያዜፓም አረጋዊ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ የማታው እንክብል በማግሥቱ ቀን ይጥላል። ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ሲቆሙ ግፊት ያወርዳል፣ ሽንት ይይዛል፣ ያቀዣብራል። ለጉንፋን ተብሎ የሚሸጠው ክሎርፌኒራሚንም ከዚሁ ወገን ነው። ዳይክሎፌናክ ለጉልበት ሕመም ይወሰዳል፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ውኃ ያቁራል፣ ልብ ድካም ያለበትን መልሶ ያስተኛል። ስኳር የሚያወርደውን ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ እምቢ ካሉ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ቤተሰብ ግን ዕድሜ ነው ያዞራቸው ይላል። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሐኪም ፊት ዘርግፉት አለ። መልስ 14 አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ሕመም እንደሚረዳ ተከላከለ፤ ፋርማሲስቱም መጠኑና ዕድሜው ይታይ ብሎ አልፎታል።

መልስ 15 የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። ለታመመና ለከሳ አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን፤ 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ60 እስከ 75 ግራም። በቤታችን ምግብ አስላችው፦ ሁለት እንቁላል 12፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት 16 ገደማ፣ 60 ግራም የሽሮ ዱቄት 12 ገደማ፣ 60 ግራም ደረቅ ምስር 14 ገደማ፣ አንድ ጭብጥ ለውዝ 7። ለደካማ ሰው የሚሰጠው አጥሚትና ገንፎ ሆድ ይሞላል፣ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው፤ ቆጮ ደግሞ ከሁሉም ያንሳል። አጥሚቱን በውኃ ፋንታ በወተት መሥራት፣ ገንፎው ላይ የተፈጨ ለውዝ መጨመር። በአንድ ማዕድ ሳይሆን በሦስት አራት መክፈል። ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ሐኪም ይወስን። የመጨረሻው ነጥቧ ምግብ ብቻውን እግር አይመልስም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87 በሆነ 100 የአረጋውያን ማቆያ ነዋሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለ10 ሳምንት ክብደት የገፉት የጡንቻ ኃይላቸው ከእጥፍ በላይ ሲጨምር፣ ተጨማሪ ምግብ ብቻ የተሰጣቸው አልጠነከሩም።

መልስ 16 ወተትና እንቁላል በጾም እንዴት ብሎ ጠየቀ፤ መልስ 17 ሕመምተኛ አይጾምም ብሎ በቁጣ መለሰ። መልስ 18 ሁለቱንም አበረደች። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ለታመመ ፈቃድ አለው፤ አዛውንቱን ግን ባለሙያ አዟል ብሎ ማስገደድ ምግቡን እስከነጭራሹ ያዘጋል። የነፍስ አባታቸው ወይም ሼኹ ራሳቸው ይንገሯቸው። እሺ ካላሉ፣ ለኦርቶዶክሱ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዙ ከፍ ይበል፤ ለሙስሊሙ ደግሞ ኢፍጣርና ሱሁር ላይ ወተቱና እንቁላሉ አይቅር።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ከዘራ ተንሸራተተ። መልስ 19 ከዘራ በታመመው እግር በኩል ይያዝ አለ፤ መልስ 20 ስህተቱን ወዲያው አቃናው። ከዘራ የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው፤ ከታመመው እግር ጋር እኩል ይወረወራል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው። ቁመቱ፣ ጫማ ተደርጎ እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል እስከ አንጓ መታጠፊያ ነው። የአባቶች ከዘራ ብዙ ጊዜ ይረዝማል፤ ጫፉም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል፤ ጎማ ይሰካበት፣ ሲያልቅም ይቀየር።

መልስ 21 የዘንድሮ ልጆች ሰነፎች ናቸው፣ ወላጃቸውን አልጋ ላይ ጥለው ስልክ ይነካካሉ ብሎ ጻፈ። መልስ 22 ላይ የመጣው ቁጣ ከክሩ ሁሉ የበረታ ነው፤ እውነትም አለው። የምታስታምመው ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ሌሊት ትነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ጠዋት ሥራ ትገባለች። ሰው እንዴት እንደሚነሳ ለ10 ደቂቃ እንኳ ያሳያት የለም፤ በብብታቸው ስትጎትት የእሳቸው ትከሻ ይወልቃል፣ የእሷ ወገብ ይቀጫል። ከዚያ ሰነፍ ትባላለች። ይህን መልስ የጻፈችው አስታማሚዎችን የምታሠለጥን ባለሙያ ናት፤ ወቀሳውን ብቻ ጥላ አልሄደችም። በብብት አትጎትቱ፤ ሰፊ መቀነት ወገባቸው ላይ ከልብስ በላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ አራት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። በደካማው ጎናቸው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቁሙ፤ አንድ እጅ ከጀርባ መቀነቱን ከሥር ይያዝ፣ ሌላው ትከሻቸው ፊት ይሁን። ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ወገባችሁን አትጠፉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ቁጠሩ፤ የሚነሱት እሳቸው ናቸው፣ እናንተ አቅጣጫ ትሰጣላችሁ። መውደቅ ከጀመሩ አንጠልጥላችሁ ለማቆየት አትታገሉ፤ ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ በቀስታ መሬት ላይ አስቀምጡ።

መልስ 23 ለማይነሱት ነው፦ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፤ ትራስ ከባት ሥር ገብቶ ተረከዝ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ ማድረግ። ተረከዝ ላይ የወጣ ቁስል ከዳነ ሳንባ በኋላ ሌላ ሦስት ወር ያስተኛል።

ነርሷ በመልስ 24 ተመልሳ ሁሉንም አመሰገነችና አንድ ነገር ጠየቀች፦ ሲራመዱ የነበሩ ሰው በድንገት አልነሳም ካሉስ? ሐኪሟ በመልስ 25 ይህ ስንፍና አይደለም፣ ልምምድም አይደለም መፍትሔው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ነው አለች። ቀላል የሚመስል ውድቀት ዳሌ ይሰብራል፤ እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ አታቁሟቸው። ስትሮክ፣ የስኳር መውረድ፣ የተያዘ ሽንትም ሊሆን ይችላል። አረጋዊ ሰው ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላያሳይ ይችላል፤ የሚታየው መቀዣበርና መነሳት አለመቻል ብቻ ይሆናል።

የመጨረሻዎቹ መልሶች የእንጨት ባለሙያው ናቸው። ወንበር ላሠራ ያለችው መልስ 12 ሴት ልኩን ስትጠይቀው፣ 45 ወይም 50 ብሎ በግምት ከመቁረጥ ሰውየውን መለካት ይሻላል አለ፦ ጫማቸውን አድርገው ተቀምጠው፣ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ጀርባ መታጠፊያ፣ በዚያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር። በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ልክ አስቀመጡ፤ አንዱ 41፣ አንዷ 38። እሱም 46 እና 43 ብሎ መለሰላቸው።